ሁለት ዳቦና አንዲት «ዝምተኛ» ልጅ

መምህሯ ፈገግ ብላ፣ «ሆሳዕና ግሩም ልጅ ናት። ዝምተኛ። ድምፅዋ እንኳ አይሰማም» ስትላት፣ ሸዋረገድ መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ሴትዮዋ ልጅ አምታታለች የሚል ነበር።

«ይቅርታ፣ እኔ የሆሳዕና በየነ እናት ነኝ» አለች፣ ክፍሉ ውስጥ ባለች ትንሽ የልጆች ወንበር ላይ ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው ተኮራምታ።

«አዎ፣ ሆሳዕና። መስኮቱ ጋ የምትቀመጠው። ማንንም አትረብሽም። እንዲያውም አንዳንዴ መኖሯን እንረሳዋለን።»

ልብ በሉ፣ ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም። እያመሰገነች ነበር። ክፍል ሙሉ ልጅ ይዞ አንዷ ዝም ስትልለት የሚከፋው መምህር የት ይገኛል?

ሸዋረገድ ግን ከወንበሩ የተነሣችው ግራ ተጋብታ ነው። ምክንያቱም ቤት ያለችው ሆሳዕና ሌላ ፍጥረት ናት። የስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ የጀመረችው ወሬ ቀኑን ሙሉ ሲወርድ ይውልና ማታ ጥርሷን ስትቦርሽ ከሳሙናው አረፋ ጋር ይወጣል። ወሬዋ ደግሞ ስለ አሻንጉሊት እንዳይመስላችሁ፤ ስለ ነፍሳት ነው። ጉንዳን ሁለት ሆድ እንዳላት፣ አንዱ የራሷ፣ ሌላው ለጓደኞቿ የምታካፍልበት። ዝንብ በእግሯ እንደምትቀምስ። ሸረሪት ጭራሽ ከነፍሳት እንደማትቆጠር። አባቷ በየነ እራቱን እየበላ፣ «ኦኬ፣ ኦኬ፣ ስበላ የዝንቧን እግር አትንገሪኝ» ይላታል። እንግዲህ መኖሯን የሚረሷት ይቺን ልጅ ነው።

ሸዋረገድ መኪናዋን ሳታስነሣ ከኋላ ወደተቀመጠችው ልጇ ዞረች።

«ሆሲ፣ ክፍል ውስጥ ለምንድን ነው የማትናገሪው?»

«እጄን አነሳሁ ማሚ፣ ብዙ ታይም። ሚስ አላየችኝም። ሶ ተውኩት።»

«መቼ ነው የተውሽው?»

«ሃሎዊን ጊዜ።»

ሃሎዊን የኦክቶበር መጨረሻ ነው፤ አሁን ጊዜው ማርች አጋማሽ ነበር። ልጅቷ የፈረንጁን ክረምት በሙሉ ዝም ብላለች፤ እናቷ አላወቀችም።

ይህ የሆነው እንደ ፈረንጆቹ በ1995 ነው። ያኔ ሦስቱም የሚኖሩት ቴክሳስ፣ ዳላስ አጠገብ ባለችው አዲሰን ውስጥ፣ ከምግብ ቤቶቹ ጀርባ ባለ አፓርትመንት ነበር፤ ማታ ማታ የሌላ ሰው ጥብስ ሽታ በመስኮት ይገባላቸዋል። ሸዋረገድ ሰሜን ዳላስ በሚገኝ ሆስፒታል ነርስ ናት። እዚያ ከመድረሷ በፊት እዚያው አዲሰን የሆቴል አልጋ ስታነጥፍ፣ ከሥራ ስትወጣ ስትማር፣ አውቶቡስ ላይ መጽሐፍ ታቅፋ ስታንቀላፋ ዓመታት ቆይታለች። በየነ ግራንድ ፕሬሪ ካሉት ከእነዚያ ግዙፍ መጋዘኖች በአንዱ የፈረቃ ሱፐርቫይዘር ነው። ደሞዛቸው ደህና፣ መኪናቸው ሁለት፣ ልጃቸው አንድ። ሰው ሲያያቸው ተሳክቶላቸዋል ይላል። እነሱም እስከዚያች ወንበር ድረስ እንደዚያ ይመስላቸው ነበር።

በየነ ነገሩን ሲሰማ ሹካውን አስቀመጠ።

«በቃ፣ ቤት እንገዛለን» አለ። «ጥሩ ትምህርት ቤት ያለበት። ነገ ሳሙኤልን ኮል አደርገዋለሁ።»

ሳሙኤል በአማርኛ ቤተ ክርስቲያናቸው ጊታር የሚመታ፣ በሳምንቱ ቀናት ደግሞ ቤት የሚያሻሽጥ ወጣት ነው። መኪናው ውስጥ ስልክ አለው፤ ጭኑ ላይ ማፕስኮ የሚባለውን ወፍራም የመንገድ ካርታ ዘርግቶ በአንድ እጁ ይነዳል። ቅዳሜ ሲመጣ ባልና ሚስቱን አሳፈረና ወደ ሰሜን፣ ወደ ማኪኒ ይዟቸው ሄደ።

«ስኮሩን ብታዩት!» ይላል። «ማለቴ፣ የተማሪዎቹ የፈተና ውጤት ጣሪያ ነክቷል። ቤቶቹ ገና ቀለማቸው አልደረቀም።»

«ጎረቤቶቹ እነማን ናቸው?» አለች ሸዋረገድ ከኋላ።

«ሰዎች ናቸዋ።»

«ምን ዓይነት ሰዎች? እኛን የሚመስል አለ?»

ሳሙኤል በመስታወቱ አያት። «እሱን መናገር አልችልም፣ እቴ። ሕጉ አይፈቅድልኝም። የት ሰፈር ማን እንደሚኖር አሻሻጭ አይናገርም።»

«ለእኔም?»

«ላንቺም።»

«በአማርኛም?»

«በአማርኛም! ላይሰንሴን ልታስቀሚኝ ነው እንዴ?»

በየነ ሳቀ። ሸዋረገድ አልሳቀችም፤ ጭኗ ላይ በንጹሕ ፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ሳሙኤል የልጅ ልብስ መስሎት ነበር። ዳቦ ነው። ጠዋት ተነሥታ በአፓርትመንቱ ኦቨን የጋገረችው፣ ጥቁር አዝሙድ የገባበት ክብ ዳቦ።

የዚህን ዳቦ ነገር ለመረዳት የሸዋረገድን እናት ማወቅ ያስፈልጋል። የሸዋረገድ አባት የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ዛሬ ናዝሬት፣ ነገ አዋሽ፣ ከነገ ወዲያ ድሬዳዋ። ቤተሰቡ በየከተማው ቤት ይከራያል። እናቷ ታዲያ ቤት ታይቶ፣ ጣሪያው ታይቶ፣ ውሃው ታይቶ ሁሉም ካማረ በኋላ አንድ የሚቀራቸው ነገር ነበር። ገል ይዘው አጥር ለአጥር ወደሚገናኘው ግቢ ይሄዱና፣ «እሳት ልጫር» ይላሉ። እሳቱን ፈልገው አይደለም። አንዷ በር ላይ አቁማ አመድ የበዛበት ፍም ጣል ታደርግላቸዋለች። ሌላዋ ደግሞ «ግቢ እንጂ፣ እስኪቀጣጠል ቁጭ በይ» ብላ ወሬ ትጀምራለች። ከመጀመሪያዋ አጠገብ አንድም ቀን ኖረው አያውቁም። ከሁለተኛዋ አጠገብ ሲሆን፣ ጣሪያው ቢያፈስም እንኳ ይከራያሉ።

ቴክሳስ ውስጥ እሳት የሚጫርበት ቤት የለም። ስለዚህ ሸዋረገድ ዳቦ ጋገረች።

የማኪኒው ቤት በእውነት ውብ ነበር። ኩሽናው ሰርግ ያስተናግዳል። በየነ ከክፍል ክፍል እየዞረ፣ «ሸዋዬ፣ እዪው፣ ሌላም ሽንት ቤት!» ይላል እንደ ልጅ። እሷም ወደደችው፤ ለምን ይዋሻል? ከዚያ ዳቦዋን ይዛ ብቻዋን ወደ ቀጣዩ ቤት ሄደች። ሳሙኤል «ወዴት ነው?» ሲል አልሰማችውም።

ሣሩን ውሃ የሚያጠጣ፣ ኮፍያ ያደረገ ነጭ ሰውዬ ነበር። ገና ከሩቅ እጁን አነሣላት።

«ሰላም! መልካም ቀን ነው!» አላት። ቧንቧውን ዘጋ፣ ኮፍያውን አወለቀ፤ ጨዋነቱ ሊረሳ አይችልም። «ቤቱን ልታጸጂው ነው የመጣሽው? ጎበዝ፣ አቧራው በዝቷል። አዲሶቹ ሰዎች መቼ ነው የሚገቡት?»

ሸዋረገድ ዳቦዋን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆመች። ምንም ክፋት በፊቱ ላይ አይታይም። ከልቡ ማወቅ ፈልጎ ነው የጠየቃት።

«ገና እያሰቡበት ነው» አለችው።

ዳቦውን ሳትሰጠው ተመለሰች። መኪና ውስጥ ስትነግራቸው በየነ «ገና እያሰቡበት ነው» የሚለውን ሲሰማ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሳሙኤልም ሳቀ። እሷም ሳቀች። ዳቦውን ቆርሰው እየበሉ ግማሽ መንገድ እንደሄዱ ግን የበየነ ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ሰውዬው እኮ ጥሩ ሰው ነው» አለ በመጨረሻ።

«ጥሩ ሰው ነው» አለች። «መምህሯም ጥሩ ሰው ናት።»

ሰኞ ዕለት ሆስፒታል ውስጥ ታሪኩን አብራት ለምትሠራ ጥቁር አሜሪካዊት ነርስ አወራችላት። ነርሷ አልሳቀችም። «ዴሶቶን አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት። «እኔ ከሥራ ወጥቼ የምገባው እዚያ ነው። ከዳላስ በስተ ደቡብ። ዶክተሩም፣ ፖስተኛውም፣ የትምህርት ቤት ኃላፊዋም እኛን ይመስላሉ። መጥተሽ እዪ።»

ሸዋረገድ ይህን ይዛ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እዚያ ደግሞ ከአምልኮው በኋላ የመኪና ማቆሚያው ላይ የሚሰየም ሸንጎ አለ፤ ሥራ የሚያገኘው፣ መኪና የሚገዛው፣ ልጅ የሚድረው ሁሉ እዚያ ሳይመከርበት አይሆንም። የሸንጎው ራስ እትዬ እታለማሁ ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የመኪናውን በር ተደግፈው ሁሉንም ይሰማሉ፤ በሁሉም ላይ ይፈርዳሉ።

«የት አልሽ? ደቡብ?» አሉ። «ወይ ጉድ! ሰው ወደ ሰሜን ይሮጣል፣ አንቺ ወደ ታች? እንዴ በየነ፣ ሚስትህ ምን ነካት? ጥቁሮቹ ጋ ልትገባ?»

«እትዬ፣ እኛስ ምንድን ነን?» አለች ሸዋረገድ።

«እኛማ… እኛ እኮ…» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ነገሩ ሌላ ነው፣ ልጄ። ያውም አንቺ ነርስ ሆነሽ።»

«ማኪኒ ያለው ሰውዬ ሲያየኝ ምን ያየ ይመስልዎታል? ነርስ?»

«ታዲያ ምን አየ?»

«ጽዳት ሠራተኛ። ደግሞ ነውር የለውም፤ ስንት ዓመት በልቼበታለሁ። ግን ሆሲ እጇን ስታነሣ የሚያያት ሰው ነው የምፈልገው። ቤቱስ ይቆይ፣ ሽንት ቤቱም አንድ ይሁን።»

እትዬ እታለማሁ ከንፈራቸውን መጠጡ። ሳሙኤል የጊታሩን ሣጥን መኪናው ውስጥ እንደመክተት አደረገና አጎነበሰ፤ ሕጉ ትዝ ብሎት ይሆናል።

ወደ ቤት ሲመለሱ በየነ በዝግታ ነዳ። «እኔ ጥቁር ሰፈር ብዬ አይደለም» አለ። «እኔን የሚያሳስበኝ ስኮሩ ነው። የቤቱ ዋጋም ነው። ማለቴ፣ አንድ ጊዜ ነው የምንገዛው፣ ሸዋዬ። ተሳስተን ብንገኝስ?»

«አሁንስ ተሳስተን አይደል የተገኘነው? ከሃሎዊን እስከ ማርች?»

«አንድ ቅዳሜ» አለ በየነ። «ሄደሽ እዪ። ዳቦሽን ያዢ። ካልጣመሽ ግን ወደ ማኪኒ።»

«እሺ።»

ከሳሙኤል ጋር ብቻዋን ሄደች። ጎዳናው ሰፊ፣ ቤቶቹ በጡብ የተሠሩ፣ ዛፎቹ እድሜ የጠገቡ፣ ፍሬያቸው የሚበላ ፒካኖች ናቸው። አንድ አባት ጋራዡ በር ላይ መኪናውን ያጥባል፤ ሁለት ሴቶች የስፖርት ጫማ አድርገው እያወሩ በፍጥነት ይራመዳሉ። ለሽያጭ የቀረበው ቤት ከማኪኒው ያንሳል፤ የኩሽናው ምንጣፍ (አዎ፣ ኩሽና ውስጥ ምንጣፍ!) ብርቱካንማ ነበር። ሸዋረገድ ምንጣፉን አይታ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ፎጣዋን አነሣች።

«ደግሞ ዳቦ?» አለ ሳሙኤል። «እቴ፣ በዚህ አገር እኮ ሰው ሳይጠሩት በር አያንኳኳም።»

«አንተ ሕጉ አይፈቅድልህም። እኔን የሚከለክለኝ ሕግ የለም።»

የቀጣዩን ቤት በር አንኳኳች። የከፈቱት ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ቀጥ ያሉ፣ መነጽራቸው በሰንሰለት አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ ጥቁር ሴት ናቸው። ሚስስ ቶሊቨር። ሸዋረገድን ከእግር እስከ ራስ፣ ከዚያ ዳቦውን፣ ከዚያ እንደገና ሸዋረገድን አዩ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ዳቦ ነው፣ ማም። እኔ ጋገርኩት። አጠገብዎ ያለውን ቤት ልንገዛ እያሰብን ነው።»

«ገዝታችሁታል?»

«ገና ነን።»

«ፈርማችኋል?»

«አይ፣ ማም።»

ሚስስ ቶሊቨር እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «እንግዲያው ሥርዓቱን ገልብጠሽዋል። እዚህ ዳቦ የማመጣው እኔ ነኝ፤ አንቺ ከገባሽ በኋላ! ሠላሳ ዓመት አስተምሬአለሁ፣ ቤት ሳይገዛ ጎረቤት የሚቀልብ ሰው ገና ዛሬ አየሁ።» ከዚያ በሩን ሰፋ አድርገው ከፈቱት። «ግቢ። ሳይቀዘቅዝ ቅቤ እንቀባው።»

ሸዋረገድ በልቧ እናቷን ጠራች። ግቢ እንጂ፣ እስኪቀጣጠል ቁጭ በይ።

እንግዲህ ሸዋረገድ ልትመረምር ነበር የመጣችው። ወንበር ላይ ከተቀመጠች በኋላ ግን የተመረመረችው እሷ ሆነች። ባልሽ ምን ይሠራል? ሣር ያጭዳል ወይስ ያሳድጋል? ቤተ ክርስቲያን ትሄዳላችሁ? ልጅሽ ታነባለች? ማታ ማታ ማን ያስነብባታል? የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ ትመጫለሽ ወይስ «ሥራ አለብኝ» ባይ ነሽ?

«ሥራማ አለብኝ» አለች ሸዋረገድ፣ የምትሸሽበት አጥታ። «እመጣለሁ ግን።»

«ሁላችንም ሥራ አለብን። ስሚኝ፣ አላታልልሽም። ጥሩ ሱቅ ለመሄድ ሃይዌይ መግባት አለብሽ። ቤትሽ እንደ ሰሜኖቹ በፍጥነት ዋጋ አይጨምርም። እኛ ስንበዛ አንዳንድ ነጭ ጎረቤቶቻችን እየሸጡ ሄደዋል፤ መጥተው ሳይሰናበቱኝ የሄዱም አሉ። ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው። ጥሩ የሆነው ግን ከሰማይ ወርዶ አይደለም። ስብሰባ ሲጠራ አዳራሹ ስለሚሞላ ነው። መምህሩ ልጅሽን ባያያት፣ አንቺ ሳትሰሚ እኔ ሰምቼ እሄድበታለሁ። ሠላሳ ዓመት ሳይንስ ያስተማርኩት ለጌጥ አይደለም።»

ሸዋረገድ ያኔ ሁሉንም ነገረቻቸው። የመምህሯን ምስጋና፣ የልጅቷን እጅ፣ ሃሎዊንን፣ ቤት ውስጥ የማያልቀውን የነፍሳት ወሬ። ሚስስ ቶሊቨር ማኘካቸውን አቆሙ።

«ነገ አምጪያት» አሉ። «አባትየውንም።»

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጡ። በየነ ከነክራቫቱ ነው፤ ፊቱ ላይ «ለአንቺ ብዬ ነው» የሚል ተጽፏል። በመንገድ ላይ ግን ከግራንድ ፕሬሪ መውጫ ጋ ሲያልፉ ሰዓቱን አይቶ፣ «እንዴ፣ እኔስ ከዚህ ሥራ ለመግባት ቅርብ ነኝ» ብሎ ነበር። ከዚያ እንዳልተናገረ ሰው ሬዲዮኑን ከፈተ።

ሆሳዕና የእናቷን ቀሚስ ይዛ ገባች። ሚስስ ቶሊቨር ስሟን ጠየቋት፤ በሹክሹክታ ተናገረች። ስንተኛ ክፍል ነሽ? ጣት አሳየች። ምን ትወጃለሽ? ትከሻዋን ነቀነቀች። ያቺ መምህር ያየቻት ልጅ ይህች ናት። መስኮቱ ጋ የምትቀመጠው።

በየነ ተነሣ። «እስኪ ያንን ቤት ከውጭ ልየው» አለና ወጣ፤ ልጁን በዚያ ሁኔታ ማየት አልቻለም።

ሚስስ ቶሊቨር ግን ምንም አልጨነቃቸውም። ለልጅቷ ኩኪ ሰጧትና ወደ ሸዋረገድ ዞረው፣ ልጅቷ የሌለች ይመስል ማውራት ጀመሩ።

«ጓሮዬ ውስጥ ሸረሪት በዝቶብኛል» አሉ። «ያው እነዚያ ስድስት እግር ያላቸው ነፍሳት።»

ሆሳዕና ኩኪዋን ማኘክ አቆመች።

«ድራቸውንም በአፋቸው ነው የሚሠሩት መሰለኝ» ቀጠሉ ሚስስ ቶሊቨር።

ልጅቷ እናቷን አየች። ሸዋረገድ ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ ሴትዮዋ ከመነጽራቸው በላይ አፍጥጠው አስቆሟት። ያኔ ገባት። ሠላሳ ዓመት ሳይንስ ያስተማሩ ሰው የሸረሪት እግር አይጠፋቸውም!

«ጉንዳንም እንደ እኛው አንድ ሆድ ነው ያላት» አሉ፣ ተንፈስ ብለው። «ምስኪን።»

«ሁለት!» አለች ሆሳዕና።

«ምን አልሽ? አልሰማሁሽም።»

«ጉንዳን ሁለት ሆድ ነው ያላት! ሸረሪት ደግሞ ስምንት እግር ነው፣ ነፍሳት አይደለችም፣ ድሩ የሚመጣው ከኋላዋ ነው፣ በአፍዋ አይደለም፣ በአፍዋ የሚመጣው መርዝ ነው…»

«እንዴ! ማን አለ?»

«መጽሐፍ! ዝንብ ደግሞ በእግሯ ነው የምትቀምሰው፣ ሶ ኩኪው ላይ ካረፈች ቀምሳዋለች ማለት ነው…»

ሚስስ ቶሊቨር ኩኪያቸውን ወደ ዳር ገፋ አደረጉ። ተከራከሯት። «አላምንሽም» አሏት። «አስረጂኝ» አሏት። ልጅቷ ከወንበሩ ወረደች፣ እጇን ታወናጭፍ ጀመር፣ ድምፅዋ ጣሪያ ነካ። ሁለቱም ተያይዘው ሸረሪት ፍለጋ ወደ ጓሮ ሲወጡ ሸዋረገድ ኩሽናው ውስጥ ብቻዋን ቀረች፤ በወረቀት ፎጣ ዓይኗን ጠረገች፣ ደግሞ ሳቀች፣ ደግሞ ጠረገች።

በየነ በዚያን ጊዜ ከአጥሩ ወዲያ፣ ለሽያጭ የቀረበው ቤት ጓሮ ውስጥ ነበር። ሣሩን ማጨድ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ እየገመተ ሳለ የልጅ ድምፅ ሰማ፤ ያለ ነጥብ፣ ያለ ትንፋሽ የሚወርድ። በእንግሊዝኛ ስለሆነ በመጀመሪያ ጆሮ አልሰጠውም።

በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ «ሸዋዬ! ይሄ የማን ልጅ ነው እንዲህ የሚያወራው?» አለ።

ሸዋረገድ በጓሮው በር ላይ ቆማ በጣቷ አሳየችው።

በየነ አየ። ልጁ ከፒካኑ ዛፍ ሥር ተንበርክካ፣ ክራቫት ያሠረ አባቷን ሳታስተውል፣ ስልሳ ዓመት የሚሆናቸውን መምህር ስለ ሸረሪት ታስተምራለች። አጥሩን ይዞ ቆመ።

ከዚያ፣ «ሸዋዬ» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያ የኩሽና ምንጣፍ ግን ይነሣል።»

«ይነሣል።»

ጁላይ ላይ ወደ ቤቱ ገቡ። እትዬ እታለማሁ ቤት ሊባርኩ መጥተው፣ ሚስስ ቶሊቨር የሠሩትን የኮክ ፍሬ ኬክ ቀምሰው፣ በአስተርጓሚ ስለ ጉልበት ሕመም ከሰዓት እስከ ማታ ሲያወሩ ዋሉ። ሲሄዱ በየነን ወደ ዳር ጠርተው፣ «በዚህ ሰፈር ሌላ የሚሸጥ አለ? ለልጄ ነው፤ እኔ ጠየቅሁ እንዳትል» አሉት። ሳሙኤል አጠገባቸው ቆሞ ነበር። «እኔን አይጠይቁኝ፣ እትዬ። ዳቦ ይጋግሩ» አላቸው።

ሸዋረገድ ከወላጆች ስብሰባ ቀርታ አታውቅም። አንዳንዴ የነርስ ልብሷን እንደለበሰች ትደርሳለች፤ ሁልጊዜ ሚስስ ቶሊቨር ቦርሳቸውን አስቀምጠው ቦታ ይዘውላታል። ስብሰባው አንዳንዴ አሰልቺ ነው፤ ስለ ጣሪያ፣ ስለ አውቶቡስ። እሷ ግን ዙሪያዋን እያየች ትቀመጣለች። አዳራሹ ሙሉ ነው።

ኦክቶበር ላይ የመምህርና የወላጅ መገናኛ ቀን ደረሰ። ሸዋረገድ እንደገና በልጆች ወንበር ተኮራምታ ተቀመጠች። የሆሳዕና አዲሱ መምህር ወጣት ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ የሸሚዙን እጅጌ ይጠቀልላል፣ መልሶ ያወርዳል። የሚከብድ ነገር ሊናገር እንደሆነ ያስታውቃል። ሸዋረገድ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ጠበቀች።

«ሆሳዕና በጣም ጎበዝ ናት» አለ መምህሩ። «ግን… ማለቴ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ… ታወራለች።»

«ታወራለች?»

«ብዙ። ሁልጊዜ እጇ እንደተነሣ ነው። ካልጠራኋት ስሜን ትጠራለች። ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ ስለ ዝንብ እግር አስረድታ ሁለት ልጆች ሳንድዊቻቸውን ጥለው ተነሥተዋል። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እናት ይህን ስትሰማ…»

ሸዋረገድ እጇን አነሣች፤ ልክ እንደ ተማሪ።

«ቆይ፣ እባክህ፣ እንዳትጨርስ» አለችው። «አባቷ መኪናውን ፓርክ እያደረገ ነው። ሲገባ ከመጀመሪያው ድገምልን።»